በጉልበትህ

አባቴ ብረቶቹን የገዛቸው ለወገቡ ነበር። ያኔ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያነሳ ነበርና አንድ ቀን ጎንበስ ባለበት ወገቡ ተያዘ። ያከመችው ፊዚዮቴራፒስት በየጠዋቱ ቀላል ክብደት እያነሳ ጡንቻውን እንዲያጠነክር ነገረችው። ሊንደሩድ የሚባል ሰፈር ካለው የገበያ ማዕከል ሁለት ጥቁር ብረቶች ይዞ መጣ፤ እያንዳንዳቸው አምስት ኪሎ፣ እንዳይንከባለሉ ጫፋቸው ባለ ስድስት ጎን። ሁለት ሳምንት አነሳቸው። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ሥር ገብተው ተቀመጡ። እኔን መቅጫ እስኪሆኑ ድረስ ማንም አልነካቸውም።

ከብረቱ በፊት ቀበቶ ነበር። ስምንት ዓመቴ ላይ በውኃ ዋና ትምህርት ሰዓት መምህሬ ጭኔ ላይ ያለውን ሰንበር አየች። ለትምህርት ቤቱ ነርስ ነገረች፤ ነርሷ ደብዳቤ ጻፈች፤ በሳምንቱ ከባርነቫርነት፣ ማለትም ከኖርዌይ የሕፃናት ጥበቃ ቢሮ፣ ሁለት ሴቶች መጥተው ሶፋችን ላይ ተቀመጡ። እናቴ ሻይና ዳቦ አቀረበች። አባቴ ፈገግ ብሎ ስለ ብስክሌቴ አወራ። አንደኛዋ ሴት ወደ መኝታ ቤቴ ይዛኝ ገባችና በሩን ዘግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ከብስክሌት ወደቅኩ» አልኳት።

ማንም እንዲህ በል አላለኝም። ደስ እንዲላቸው ፈልጌ ነው። የእናቴም፣ የአባቴም፣ የሴትየዋም ፊት ተጨንቆ ነበርና ሦስቱንም የሚያሳርፍ መልስ እሱ ብቻ መሰለኝ። ሴቶቹ ሲሄዱ እናቴ ራሴን ሳመችኝና «ጎበዝ» አለችኝ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ቀበቶውን የተጠቀመበት ለሱሪው ብቻ ነው። «እዚህ አገር የሚጠብቁት ልጁን ሳይሆን ቆዳውን ነው» ይላት ነበር እናቴን፣ እየቀለደ። እሷም ትስቅ ነበር፤ ወይም ሳቅ የሚመስል ድምፅ ታወጣ ነበር።

ብረቱ የተጀመረበትን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት የተላከ ወረቀት ደብቄ ተገኘሁ። አባቴ ቴሌቪዥኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ብረቶች አወጣና እግሬ አጠገብ አስቀመጣቸው።

«በጉልበትህ!» አለኝ።

የእኔ አማርኛ ያኔ የገበታ አማርኛ ነበር። ጉልበት የሚለውን ቃል የማውቀው ከእናቴ ነው፤ «ብላ፣ ጉልበት ይሆንሃል» ትለኛለች። ጉልበት ማለት ለእኔ ሰው ሲበላ ክንዱ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ስለዚህ አባቴ በኃይልህ አንሳው ያለኝ መሰለኝ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ቅጣቱ ቀርቶ ጨዋታ የተጀመረ መሰለኝ። ሁለቱን ብረቶች እንደምንም እስከ ትከሻዬ አደረስኳቸውና ጎበዝ እንዲለኝ ፊቱን አየሁት።

«ትቀልድብኛለህ?» አለ።

ከኋላዬ ዞሮ የጉልበቴን መታጠፊያ በእግሩ መታው። ወደ ፊት ስወድቅ ብረቶቹን አልለቀቅኩም ነበርና እጄ ሊያድነኝ አልቻለም፤ አፌ ከቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። የላይኛው ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ደሙ ሞቅ ያለ ነበር፤ ጨው ጨው ይላል። አባቴ በብብቴ ይዞ አነሳኝና አንበረከከኝ። ከዚያ አንዱን ብረት ወስዶ በጫፉ ጉልበቴን መታ መታ አደረገው፣ እንደ ሐኪም።

«ጉልበት ይኼ ነው» አለኝ። «ገባህ?»

«ያ» አልኩት። እኛ ቤት አዎ እና አይ ከጠፉ ቆይተዋል፤ የኖርዌይኛዎቹ ያ እና ነይ ተክተዋቸዋል።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ሥርዓት ያዘ። «በጉልበትህ» ሲለኝ እንበረከካለሁ፤ በእያንዳንዱ እጄ አንድ አንድ ብረት ይዤ ክንዴን ወደ ላይ እዘረጋለሁ። እሱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ዜና ያያል ወይም ስልክ ያወራል። መጀመሪያ የሚቃጠለው ትከሻ ነው። ቀጥሎ ክንድ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ጣት ስሜት ያጣል፤ በመጨረሻ ሰው የራሱን እጅ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያየዋል። ክንዴ ከታጠፈ በስልኩ ቻርጀር ገመድ የውስጥ እግሬን ይገርፈኛል፤ እዚያ ማንም አያይም። ብረቱ ከወደቀ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ላይ አንዱ ብረት አምልጦኝ አውራ ጣቴ ላይ ወደቀ፤ ጥፍሬ ጠቁሮ በሦስተኛው ሳምንት ከነሥሩ ወለቀ። ትምህርት ቤት እግር ኳስ ነው አልኩ።

የሚያበቃው በአንድ ቃል ነው፤ «አውርድ»። ያን ቃል የጠበቅኩትን ያህል በሕይወቴ የጠበቅኩት ነገር የለም። ሲለኝ ደግሞ አመሰግነው ነበር። ድምፄን አውጥቼ፣ «አመሰግናለሁ አባዬ» ብዬ።

ከታች ባለው ቤት የሚኖሩ አንዲት ኖርዌያዊ አሮጊት ብረት በወደቀ ቁጥር ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድቡ ነበር። አንድ ቀን በራችን ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ወረቀት ለጥፈው አገኘን፤ ስፖርት መሥራት መልካም ነው፣ ግን እባካችሁ ምንጣፍ አንጥፉበት ይላል። አባቴ በማግስቱ ጥቁር የጎማ ምንጣፍ ገዛ። ጎረቤት የሚያከብር ሰው ነው። ምንጣፉን ያነጠፈው ብረቱ በሚወድቅበት ቦታ ነው፤ ጉልበቴ ከምንጣፉ ውጭ፣ ባዶው እንጨት ላይ ነበር። አሮጊቷ ሊፍት ውስጥ ሲያገኙኝ ክንዴን ጨበጥ አድርገው «ጎበዝ! እየጠነከርክ ነው!» ይሉኛል። እኔም ፈገግ እላለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ እንማር ነበር። አንድ ጊዜ አስተማሪያችን «ጉልበት» በሚለው ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሩ አሉን። እኔ ጥሩ ተማሪ ነበርኩ፤ በጥንቃቄ፣ መስመሩን ሳልለቅ ጻፍኩ፤ «አባቴ በየሳምንቱ ጉልበት ያሠራኛል።» አስተማሪው ጮክ ብለው አነበቡት።

«ጉልበት አይሠራም፣ ልጄ» አሉኝ እየሳቁ። «ስፖርት ነው የሚሠራው። ጉልበት ይገኛል።»

ልጆቹ ሳቁ። ተቀመጥኩና አረምኩት።

እውነትም ተገኘ። ያወቅኩት ዐሥራ አራት ዓመቴ ላይ ነው። አንድ ቀን ተንበርክኬ ዜናው አለቀ፣ የአየር ሁኔታው አለቀ፣ ክንዴ ግን አልተንቀጠቀጠም። አባቴ ከስልኩ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር መግለጽ ይቸግረኛል፤ ፍርሃት ነው ለማለት አልደፍርም፣ ግን ሩቅ አልነበረም። ደነገጥኩ። ቶሎ ብዬ ክንዴን ማንቀጥቀጥ ጀመርኩ፤ ትንፋሼን አፈጠንኩ፣ ዐይኔን ጨፈንኩ።

«አውርድ» አለኝ፣ ረክቶ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል መንቀጥቀጥን እያስመሰልኩ ኖርኩ። እጅግ የተካንኩበት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ብረቱን ለራሴ ማንሳት የጀመርኩትም ያኔ ነው። አባቴ የከሰዓት ፈረቃ ሲገባ ከቴሌቪዥኑ ሥር አወጣቸዋለሁ። ዐሥር ኪሎ ብቻ ይዞ መጠንከር አይቻልም የሚሉ አሉ፤ ይቻላል። ማፍጠን ሳይሆን ማዘግየት ነው ዋናው። በአንድ ቁጥር አነሳዋለሁ፣ በአምስት ቁጥር አወርደዋለሁ። በጀርባዬ ተኝቼ እገፋዋለሁ። በአንድ እግሬ ቆሜ ቁጢጥ እልና እነሳለሁ። ፑሽአፕ ስሠራ መጻሕፍት የሞላ ቦርሳ እሸከማለሁ። አምስት ኪሎው ሲቀለኝ ሁለቱን በአሮጌ ሻርፕ ጥፍር አድርጌ አስሬ እንደ አንድ አነሳቸዋለሁ። ግሮንላንድ ከሚባለው ሰፈር ጤፍ ስናመጣ ደግሞ የሃያ አምስት ኪሎውን ጆንያ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ሊፍቱን ትቼ፣ ስምንተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ እወጣለሁ።

ጤፉን የምንገዛበት ሱቅ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው፣ ጆንያውን በአንድ እጄ ብድግ ሳደርገው ያየ ቀን ሥራውን ትቶ መጣ።

«አንተ፣ ጂም ገባህ እንዴ?»

«ነይ፣ ጋሼ። ቤት ነው የምሠራው።»

«ቤት? በምን? በእናትህ ድስት?»

«አባቴ ብረት አለው።»

«ታድለህ! የኔዎቹ የሚያነሱት ስልክ ብቻ ነው። አባትህን ሰላም በልልኝ። ልጅ ማሳደግ እንደ አንተ ነው ብሎሃል በለው!»

እሺ አልኩ። አደረስኩለትም። አባቴ በጣም ደስ አለው።

ለምን እንደምሠራ ግን ራሴን አልዋሸሁም። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ምት ነበር። ብረቱን ስገፋ አገጩን እመታለሁ፤ ስጎትት ክንዱን ከትከሻው እነቅላለሁ፤ በቀስታ ሳወርድ ፊቱን መሬት ላይ እያሸሁ ነው። ላብ እየወረደኝ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ደሙን አፍስሼዋለሁ። ከዚያ ብረቱን ጠርጌ ቦታው እመልሰውና ራት አቀርብለታለሁ።

እናቴ አንድ ቀን ከሥራ ቀድማ ተመልሳ አገኘችኝ። ሸሚዜን አውልቄ ወለሉ ላይ ነበርኩ።

«ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ለምንህ ነው?»

«ለጤና።»

«ለማን ጤና?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ኩሽና ገባች።

ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ በቁመት አለፍኩት። «በጉልበትህ» ማለቱን ተወ። አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም። እኔ ግን ማንሳቱን አልተውኩም፣ ታናሽ እህቴ ነበረችና።

እህቴን በስምንት ዓመት እበልጣታለሁ። አባቴ እሷን ነክቷት አያውቅም። የቤቱ ሳቅ እሷ ነበረች። ትንሽ ሆና እናቴ «ነይ» ብላ ስትጠራት «ነይ!» ብላ ትመልስላታለች፤ በኖርዌይኛ እምቢ ማለቷ ነው። «ነይ!» «ነይ!» እየተባባሉ ሳሎኑን ይዞሩታል። አባቴ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። እንግዳ ሲመጣ ለማሳየት ያስደግማት ነበር።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ሳቁ እያጠረ መጣ። የቅዳሜውን የአማርኛ ትምህርት እየተወች የእጅ ኳስ ልምምድ መሄድ ጀመረች። መልስ ትሰጣለች። በር ትዘጋለች። አንድ እሑድ ምሳ ላይ አባቴ እኔን ሳያይ፣ ለእናቴ፣ «እሷም ጉልበት አላት» አለ።

እናቴ ገና ያልተበላ ወጥ አንስታ ወደ ኩሽና ሄደች። እህቴ የተመሰገነች መሰላት። ክንዷን አጥፋ ጡንቻዋን አሳየችው።

«ያ! ንካው እስቲ፣ አባዬ!»

ነካላት። እዚያው ገበታው ላይ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ «በጉልበትሽ» ያላት ቀን የቀኝ እጁን አንጓ እሰብረዋለሁ። የእሷ ጉልበት ያንን እንጨት አይነካም።

ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የፊዚዮቴራፒ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ነበር። የእጅ አንጓ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች አሉት። የስምንቱንም ስም በቃሌ ያጠናሁት ለፈተና ብቻ አይደለም። ተግባር ትምህርት ላይ ሁለት ሁለት ሆነን የጓደኞቻችንን እጅ ይዘን በቀስታ እናዞራለን። መምህራችን በመሐላችን እየተዘዋወረች «እንቅስቃሴው የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉ። ከዚያ አትለፉ» ትለናለች። እኔ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ አየችና «ረጋ ያለ እጅ አለህ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

የካቲት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ነው፣ እኩለ ቀን። በረዶው ቀልጦ እንደገና ረግቶ መንገዱ መስታወት ሆኗል። ከግሮንላንድ ጤፍ ተሸክሜ መጣሁ፤ እንዳያንሸራትተኝ ጫማዬ ላይ ባለ ምስማር ጎማ አጥልቄያለሁ። በሩን ስከፍት የአባቴ ድምፅ ከሳሎን ተሰማኝ።

«ነይ ወዲህ!»

«ነይ!»

«ነይ እኮ ነው የምልሽ!»

«ነይ፣ አባዬ! ነይ አልኩህ!»

«ትደግሚብኛለሽ? እኔን ነይ ትይኛለሽ? እንደ ሴት?»

ለአንድ አፍታ እንደ ድሮው የሚስቅ መሰለኝ። ከዚያ የብረቶቹ ድምፅ ተሰማ፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር ሲወጡ እርስ በርስ የሚጋጩት ያ ድምፅ።

«በጉልበትሽ!»

ኩሽና ውስጥ እናቴ ቧንቧውን ከፈተችው። እኔ ስቀጣም እንደዚሁ ታደርግ ነበር። ውኃው ባዶ ገንዳ ላይ ነው የሚወርደው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ።

ጆንያውን በር ላይ ጣልኩትና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማዬን ሳላወልቅ ሳሎን ገባሁ። እህቴ በልምምድ ልብሷ ተንበርክካለች። የእጅ ኳስ ተጫዋቾች የሚያደርጉት የጉልበት መከላከያ ነበራት፤ አስወልቋት ምንጣፉ ላይ ተጥሏል። ጉልበቶቿ ባዶው እንጨት ላይ ናቸው። ብረቶቹ ከጆሮዋ ከፍ አላሉም። አታለቅስም፤ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች።

ብረቶቹን ከእጇ ተቀብዬ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩ።

«አንተን ምን አገባህ?» አለኝ አባቴ።

«ተነሺ» አልኳት።

«አትነሺ!»

በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ጮኸ። ሁለተኛውን ሲሰነዝር እጁን አየር ላይ ያዝኩት፣ አንጓው ላይ። ቀጭን ነበር፤ ቀጭንነቱ ገረመኝ።

«ልቀቀኝ።»

አለቀቅኩም። በግራ እጁ አንገቴን አነቀኝ፤ አውራ ጣቱ ጉሮሮዬን ሰረሰረኝ። በእግሩ ጉልበቴን መታኝ፣ ያንኑ ድሮ የሚመታውን ቦታ። ጉልበቴ አልታጠፈም። አንጓውን ማዞር ጀመርኩ፣ በቀስታ፣ በአምስት ቁጥር። የሚቆምበትን ቦታ አገኘሁት። አለፍኩት። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ደረቅ ማካሮኒ ሲሰበር እንደሚያሰማው ያለ ነው። አባቴ ጮኾ በጉልበቱ ወደቀ።

ቃሌ እዚያ ላይ አብቅቷል። እኔ ግን አላበቃሁም፤ ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ደረቱን በጫማዬ ረገጥኩት፤ ምስማሮቹ ሸሚዙን ቀደዱ፣ ከሸሚዙ ሥር ያለውንም። ከሶፋው ጋር ተጋጭቶ ተመልሶ ተንበረከከ። ሁለቱን ብረቶች አነሳሁና ክንዴን ወደ ላይ ዘረጋሁ፣ በቀጥታ ከአናቱ በላይ። የሳሳውን ፀጉሩንና ከሥሩ ያለውን ቆዳ አየሁ። ብረቱ ምንም አልከበደኝም። ያን ጊዜ ስለ ምሕረት አላሰብኩም። የቱ ጋ እንደምመታው ነበር የማስበው።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«አውርደው» አለኝ።

ክንዴ ወረደ። እኔ አላወረድኩትም፤ ወረደ። ቃሉ በጆሮዬ ገብቶ በቀጥታ ወደ ትከሻዬ ሄደ፣ እኔን አልጠየቀኝም። ብረቶቹን ድምፅ እንዳያሰሙ ቀስ አድርጌ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ «አመሰግናለሁ አባዬ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

እናቴ ቧንቧውን ዘጋች። እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ በሁለት እጆቿ ጉልበቶቿን ሸፍናለች። የምታየው እኔን ነበር።

ሌገቫክት፣ ማለትም ድንገተኛ ሕክምናው፣ በዚያ ቀን እጃቸውን በሰበሩ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። አባቴ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ የተሰበረውን እጁን በእናቴ ሻርፕ አንጠልጥሎ ተቀመጠ። ነርሷ አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ «በረዶው ነው?» አለችው።

«ያ» አለ።

ወደ እኔ ዞረች። «አብረኸው ነበርክ?»

«ያ» አልኳት። «አብረን ነበርን።»

በአባቴና በእናቴ ፊት ላይ ያንኑ የጥንቱን ጭንቀት አየሁት፤ የሚያሳርፈው መልስም ያው የጥንቱ ነበር። ስንወጣ እናቴ ራሴን ሳመችኝ። ጎበዝ አላለችኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ «በጉልበትሽ» የሚል ቃል እኛ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የእጅ ኳስ ልምምዷን ትሄዳለች። የፈለግኩት ይኼው ነበር። ወለሉ ላይ የጫማዬ ምስማር የጫረው ሁለት ረጅም መስመር አለ፤ እናቴ የጎማውን ምንጣፍ እዚያ ላይ ጎትታ አልብሳዋለች።

ጄሶው ሲፈታ የአባቴ ክንድ ከስቶ፣ ቆዳው ነጣ ብሎ ወጣ። ፊዚዮቴራፒስቱ የአንድ ኪሎ ብረት አዘዘለት፤ ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ ሠላሳ ሰከንድ መያዝ፣ ማረፍ፣ መድገም። «አንተ የምትማረው አይደል? ቁጠርለት» አለችኝ እናቴ።

ወንበር ስቦ ምንጣፉ አጠገብ ተቀመጠ። እኔ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩበት ቦታ የእሱ መሆኑን ያስተዋልኩት በኋላ ነው። ክንዱን ዘረጋ። ስልኬ ላይ ሰዓቱን ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ዙር በሠላሳ አስወረድኩት፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ሠላሳ ሞላ። አርባ። ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማስመሰል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ላውርደው?» አለኝ።

«ትንሽ ቆይ።»

«አመመኝ እኮ።»

«ጉልበት ይሆንሃል» አልኩት።

ሃምሳ። ላብ ከግንባሩ ወርዶ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ደልቶት ነበር፤ ደስታ ነው፣ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። በሩ ተከፈተ። እህቴ ከልምምድ መጥታ ቦርሳዋን እንዳነገበች ሳሎኑ መግቢያ ላይ ቆመች። አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች።

«አባዬ፣ አውርደው» አለችው።

አባቴ አላወረደም። እኔን አየኝ።

«ዐሥር ሰከንድ ነው የቀረው» አልኳት።

«ነይ» አለችኝ።

በየትኛው ቋንቋ እንደተናገረች ማናችንም አልተሳሳትንም። ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች። የጉልበት መከላከያዎቿ ገና አልወለቁም። ብረቱን ከአባቴ እጅ ወስዳ ቀስ አድርጋ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችውና በመሐላችን ቆማ አየችኝ። አስተያየቷን አወቅኩት፤ እኔ ድሮ ከወለሉ ላይ ወደዚህ ሶፋ ቀና የምልበት ዐይን ነው።

የአባቴ እጅ ባዶ ነበር። ግን አልወረደም፤ እየተንቀጠቀጠ ወደ እኔ እንደተዘረጋ ነው።

«አውርደው» አልኩት።

ያኔ አወረደው።